ያላጠጡት ቅጠል

ሼክ ዑስማን ገበያ አጠገብ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት እቅፍ ሙሉ ረይሃን ይዛ ገባችና ከጎኔ ተቀመጠች። ረይሃን የበሶብላ ዘመድ ነው። ዐደን ውስጥ ሴቶች ጸጉራቸው ላይ ይሰኩታል፤ ለሙሽራም ለሬሳም ይሆናል። የዚህችኛዋ ገና ውሃ ተረጭቶበት ነበርና ጠብ ጠብ እያለ ጉልበቴን አራሰው። «ሰሚሒኒ ያ ኡኽቲ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። ምንም አይደለም አልኳት። እንዲያውም ቤቷ ድረስ አብሬያት ብሄድ ደስ ባለኝ። እርጥብ ረይሃን በሸተተኝ ቁጥር ዕድሜዬ ይጠፋኛል። ዘጠኝ ዓመት ይሆነኛል። አያቴ ሽርጣቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰብስበው ከፊቴ ይሄዳሉ፤ እኔ ባዶ ጀሪካን እየጎተትኩ ከኋላቸው እከተላለሁ።

አያቴ ሼህ ይመር የመጡት ከየመኑ ጦርነት በኋላ፣ የዐደን ሙቀት ትንሽ ሰው በሚምርበት ወራት ነው። ያኔ አል-ሚምዳራ የሚባል ሰፈር ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ የመናዊ ነው፤ በወጣትነቱ ደሴ ሱቅ ነበረው፣ እናቴንም ያገባት እዚያው ነው። ወደ ዐደን ከተመለሰ በኋላ ሁጀይፍ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ስለነበር፣ ከጅቡቲ የመጣውን ጀልባ ቆሞ የተቀበለው እሱ ነው። አያቴን አቅፎ አወረዳቸው። እሳቸው ግን መሬት እንደረገጡ ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ድንጋያማ ተራራ ቀና ብለው አዩና፣ «አይ የአላህ ሥራ፣ እዚህ ጋ ሣሩን ረስቶታል» አሉ ይባላል። አባቴ ይህን እየደጋገመ ሲያወራ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

እናቴን ግን አያስቃትም ነበር። የራሷ እናት የሞቱት እሷ ዐደን እያለች ነው፤ አልቀበረቻቸውም፣ አፈር አላለበሰቻቸውም። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ይወዱት የነበረውን መንዙማ ከአባቷ አፍ መስማት። መንዙማው አያቴ በደረሳነታቸው ዘመን ካስተማሯቸው ከታላቁ ሼህ የወረሱት ነው። በወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። አብረዋቸው የተማሩት ደረሶች አንድ በአንድ ሞተው የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «አባዬ መንዙማውን ይዘውልኝ መጡ» ትል ነበር እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ በመጡ ሰሞን።

እኔ ይህን ሰምቼ ሻንጣቸውን በረበርኩ። ነጭ ጥምጣም፣ ሙስበሃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የተጣጠፈ ጋቢ። መንዙማ የሚመስል ነገር አልነበረም። ጀልባው ላይ ረስተውት ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ፤ እናቴ እንዳታዝን ብዬ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በመጀመሪያው ሐሙስ እናቴ ቤቱን አጥባ፣ ፍራሹን አስተካክላ፣ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እስኪ ያንን የእማዬን ይበሉልኝ።»

አያቴ ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ከመስኮቱ ውጪ የሲሚንቶ አጥርና የጎረቤት ፍየል ነበሩ።

«ከዲጄ፣ በምን ልያዘው?» አሏት። «እዚህ ቅጠል የለም።»

እናቴ ፊቷ ጠቆረ። ነገሩ ገባት። ለእኔ የገባኝ አያቴ በኋላ ሲያስረዱኝ ነው። የእሳቸው ሼህ ሥርዓት ነበራቸው። እርጥብ ቅጠል በእጅ ሳይዙ መንዙማ አይባልም። ቅጠሉም ራስህ ያጠጣኸው መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ባጠጣው ቅጠል ማወደስ በሰው ላብ መመጻደቅ ነው። «ነቢዩን ልታወድስ ስትነሣ መጀመሪያ ለአንድ ፍጥረት ውሃ ስጥ» ይሉ ነበር አሉ። ደረሶቹም እያንዳንዳቸው በደጁ ዙሪያ የየራሳቸው ተክል ነበራቸው፤ መንዙማ የሚማሩት ተክላቸው ሲያቆጠቁጥ ነው።

ስለ እነዚያ የድሮ ሰዎች አያቴ ሲያወሩ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። አንደኛው ግጥም የሚመጣላቸው ጤዛ ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ብቻ ነበር አሉ፤ በጋ ሲሆን ዝም ይላሉ፣ ሰውም ዝናቡን ከገበሬው እኩል ይናፍቅላቸዋል። ሌላኛው ከተቀመጡበት ሲነሡ ሣሩን «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይሉታል። ሌላው ደግሞ ያበበ ኮሶ ሥር ቁጭ ብለው ንብ እስክትወጣ ጠብቀው ነው ቀጣዩን ስንኝ የሚሉት፤ እሷም የራሷን እያለች ነውና አላቋርጣትም ይላሉ። ሁሉንም አምን ነበር። አሁንም አልካድኩም።

እናቴ ግን መጠበቅ አቃታት። በማግስቱ ከገበያ፣ ከዐደን በላይ ካለው ከላሕጅ እርሻ የመጣ ትልቅ የረይሃን እቅፍ ገዝታ መጥታ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አያቴ አሸተቱት፣ ሳሙት፣ መረቋት። ከዚያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ እንድታኖረው ነገሯት።

«የላሕጅ ገበሬ ላብ ነው፤ የኔ አይደለም።»

እናቴ ጓዳ ገብታ ድስት አንኳኳች። «ለእኔ ሲሉ አንድ ቀን ቢተዉት ምን ነበረበት?» ስትል ሰማኋት። ማንንም አልነበረም የምትጠይቀው።

እንግዲህ መትከል ሆነ። የቅቤ ቆርቆሮ ተበሳ፣ አፈር ተሞላ፣ ዘር ተዘራ። የአል-ሚምዳራ የቧንቧ ውሃ ያኔ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲመጣም ጨዋማ ነው፤ የመጀመሪያው ቡቃያ ጫፉ ነጭ ሆኖ ደረቀ። ሁለተኛው ሽቅብ እንዳለ የጎረቤት ፍየል በላችው። አያቴ ፍየሏን ትኩር ብለው አይተው፣ «እሷ እንኳ መንዙማውን ብትለው» አሉ። ያን ቀን እናቴም ሳቀች፤ ቶሎ ግን ሳቋን ዋጠችው። ምክንያቱም አያቴ እየረሱ ነበር። ዙህርን ሰግደው ሲጨርሱ «ሰግጃለሁ እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። አንዳንዴ እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኛል። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ዐይኗ ወደ ባዶው ቆርቆሮ ይሄድ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከአባቴ ነው። ሼክ ዑስማን ሰፈር አንድ አሮጌ ቡስታን አለ፣ ጥበቃውን አውቀዋለሁ፣ ጉድጓዱ ጨው የለውም አለ። ቡስታን የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቴን ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ፤ መንገዱንም ቋንቋውንም የማውቀው እኔ ነበርኩና። አያቴ ዐረብኛ አያውቁም ማለቴ አይደለም። የመጽሐፉን ዐረብኛ ያውቃሉ። ሱቅ ገብተው ስኳር ሲጠይቁ ግን ባለሱቁ የቁርኣን አንቀጽ የተቀራበት ይመስል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ከኀፍረቴ የተነሣ በር ላይ እቀራለሁ።

ቡስታኑ ከጦርነቱ ወዲህ አብዛኛው ደርቆ ነበር። ቢሆንም በሩን ስታልፊ የመኪናው ጡሩምባና የጋራዡ መዶሻ ከኋላሽ ይቀራል፤ አየሩ ራሱ ይለሰልሳል። ጥቂት ቴምር፣ የሂና አጥር፣ አንድ ግዙፍ ኒም፣ ከሥሩም ጥላ። ጥበቃውን ዓሚ ሳሊም፣ አጎቴ ሳሊም፣ እላቸው ነበር። የላሕጅ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ጥርሳቸው በጫት የበለዘ፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ አበባ የሚሰኩ።

«አህለን ያ ሼህ! ተፈደል! እንኳን ደህና መጡ» ብለው አያቴን ጥላው ሥር አስቀመጡ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው ዙሪያውን እያሳዩ፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ለአያትሽ ንገሪያቸው፤ የድሮ ገጣሚዎች እዚህ ነበሩ። ይኸው፣ እዚህ፣ እዚያም» አሉኝ።

እጃቸው የጠቆመው ዛፎቹን ነው። እኔም እንደዚያው ነገርኳቸው። «አባባ፣ እነዚህ ዛፎች የድሮ ገጣሚዎች ናቸው ይላሉ።»

አያቴ አልተገረሙም። ቀና ብለው ኒሙን አዩና «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም በሩን ስገባ ለእያንዳንዱ ዛፍ ሰላምታ እሰጥ ነበር። ቴምሩ ቁጡ ገጣሚ መሰለኝ። ኒሙ ብዙ ልጆች ያሏቸው፣ ስንኝ የማይቸግራቸው ሽማግሌ። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጥፌ አደምጣለሁ፤ የሆነ ነገርም ይሰማኝ ነበር። ዓሚ ሳሊም ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ስታዳምጪ ስለ ውሃ የሚሉት ካለ ንገሪኝ» አሉኝ።

ዓሚ ሳሊም ከጉድጓዱ አጠገብ አንዲት መደብ ለቀቁልን። አያቴ አፈሩን በእጃቸው አድቅቀው፣ ዘሩን በትነው፣ ቢስሚላህ ብለው አጠጡ። ከዚያ የቀሩት ከሰዓቶች ሁሉ በትዝታዬ አንድ ረጅም ከሰዓት ሆነው ነው ያሉት። ውሃው በመስኖው ይሄዳል፣ የሂናው አበባ ይሸታል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይጨዋወታሉ፣ እኔ በመሃል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ፤ ሲደክመኝ የሁለቱም ንግግር ሳይተረጎም እንዳለ ያልፋል፣ እነሱም መልስ መስጠታቸውን አያቆሙም።

አንድ ቀን ዓሚ ሳሊም ዘፈኑ። የላሕጅ የድሮ ገጣሚዎች ያለ አትክልት አንድ ስንኝ አይሉም ነበርና ዘፈኑም ስለ ካዲ አበባ ነው። ካዲዋ በቅጠሏ እሾህ ተሸፍናለች፤ ሽታዋ ግን አጥር ዘሎ መንገደኛውን ያስቀራል፤ መንገደኛው ደግሞ ቤቱ ጠፋው። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አያቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንባቸው ወረደ።

«አላሁመ ሰሊ ዐላ ሙሐመድ» አሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

ዓሚ ሳሊም አቋረጡ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ነቢዩን ስላወደሱላቸው ነው» አልኳቸው። በእኛ ቤት አበባ ከተጠራ የሚወደሱት ነቢዩ ናቸው፤ ሌላ ለማን ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅም። ዓሚ ሳሊም ዘፈኑ ስለ አንዲት የጎረቤት ሴት መሆኑን የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ከጆሯቸው ላይ አበባውን አውርደው በአክብሮት መሬት ላይ አስቀመጡና፣ «ልክ ነው። ልክ ነው ያ ሼህ» አሉ። ከዚያም ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ደገሙት።

ረይሃኑ በቀለ። መጀመሪያ እንደ መርፌ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ቅጠል። አያቴ «ገና ነው፣ ጡት አልጣለም» ይሉ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ስንመለስ ትጠይቀኛለች። «ደረሰ?» አልደረሰም እላታለሁ። «እሳቸውስ እንዴት ዋሉ?» ትለኛለች ቀጥላ። ይህኛው ጥያቄ ነበር የሚከብደኝ። በዚያ ሰሞን አያቴ ከቡስታኑ መልስ ቤታችንን አልፈው ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ይዤ መልሻቸዋለሁ።

ከዚያ ወባ ያዛቸው። ሙቀቱ ገና መጠንከሩ ነበር። ፍራሽ ላይ ተኝተው ከሞቱ ሰዎች ጋር ያወራሉ፤ እናቴ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች ታለቅሳለች። እኔን ያስጨነቀኝ ረይሃኑ ነው። በዚያ ሙቀት አንድ ቀን ውሃ ካጣ አበቃለት። ስለዚህ ብቻዬን እሄድ ጀመር። ዓሚ ሳሊም ከጉድጓዱ ይቀዱልኛል፤ ማጠጣቱን ግን አያቴ በሚያደርጉት መንገድ፣ በእጄ እየጨለፍኩ፣ ቢስሚላህ እያልኩ እኔ ነበርኩ የማደርገው። ረይሃኑ በእኔ እጅ ቁመት ጨመረ፣ ተንሰራፋ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ አወጣ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አባባ ሲነሡ አይተው ይመርቁኛል ብዬ ምርቃቱን ራሱ በሐሳቤ አዘጋጅቼላቸው ነበር።

አያቴ ዳኑ። ቆዳና አጥንት ሆነው ዳኑ። በመጀመሪያው ዐርብ እናቴ ጥቁር ሸይደሯን ተከናንባ፣ አባቷን ደግፋ፣ እኔ ምንጣፍ ተሸክሜ ወደ ቡስታኑ ሄድን። ዓሚ ሳሊም ጥላው ሥር ውሃ ረጭተው ጠበቁን። አያቴ ረይሃኑን ባዩት ጊዜ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንድ ዘለላ ቀጠፉ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እኔ ስተኛ ይህን ማን አጠጣው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ!» አልኩ። ምርቃቴን ጠበቅሁ።

አያቴ ዘለላውን በእጃቸው አገላበጡ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያ የኔ አይደለም» አሉ፤ ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

እናቴ ተነሥታ ቆመች። በአባቷ ፊት ድምጿን ከፍ ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አባዬ! ቅጠል ቅጠል ነው! ስንት ወር ጠበቅሁ። ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል? እርስዎ ራስዎ ነገ...» አለችና አልጨረሰችውም። ሊባል የነበረውን ሁላችንም አውቀነዋል። አያቴም አውቀውታል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ያዳንኩት የመሰለኝን ነገር የገደልኩት እኔው መሆኔ ነበር የገባኝ። ዓሚ ሳሊም ምን እንደተባለ በዐይናቸው ጠየቁኝ፤ መተርጎም አልቻልኩም።

 ነፋስ ኒሙን አነቃነቀው። አያቴ ዘለላውን አነሡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያጠጣችው ሰሚራ ናት። እሷ ትያዝ፣ እሷ ትበል።»

«እሷ ምን ታውቃለች አባዬ?» አለች እናቴ።

«ማወደሱን እንጂ ማስተማሩን ሼሁ አልከለከሉኝም። ነይ ወዲህ፣ ጆሮሽን ስጪኝ።»

ተጠጋሁ። ጢማቸው ጉንጬን ኮረኮረኝ። በሹክሹክታ አንድ ስንኝ አሉኝ፤ ዘለላውን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ዝናብ ባይወርድ እንኳ ጤዛው ይበቃኛል፣
ያንቱ ስም ሲነሣ ምድረ በዳው ያብባል።

አማርኛዬ ዐረብኛ ዐረብኛ ይሸት ነበር። ፊደሉን አንቄ ነው የማወጣው። ግን ወጣ። እናቴ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። አያቴ ያንሾካሹካሉ፣ እኔ እላለሁ፤ ዓሚ ሳሊም ሳይገባቸው በየስንኙ መጨረሻ «አሚን» ይላሉ። ስለ ወንዝ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ሾላ ጥላ አልን። ከዚያ፦

ሣሩ ሲሰግድ አየሁ ነፋስ ቢዳስሰው፣
እኔን ደረቅ ግንዱን...

እዚህ ላይ ሹክሹክታው ቆመ። ጆሮዬ ላይ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ዞሬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዐይናቸው መሬቱን ይፈልጋል። እናቴ ይህን ሁሉ ወር የፈራችው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ በዐይኔ አየሁት። 

«ማን ይሆን የሚያርሰው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እናቴ ናት። ድምጿ ግን የማውቀው የእናቴ ድምፅ አልነበረም፤ የትንሽ ልጅ ነበር።

አያቴ ዞሩ። «ከየት አገኘሽው?»

«ከመጋረጃው ጀርባ» አለች። «እናንተ ሐድራ ተቀምጣችሁ መንዙማ ስትሉ እኔና እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን።»

አያቴ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እናቴ በሌላኛው ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የረሱትን እሷ በግራ ጆሮዬ፣ እሷ የማታውቀውን እሳቸው በቀኙ እየነገሩኝ ሄድን። ሁለቱም ዝም ያሉባቸው ቦታዎች ነበሩ። እዚያ ስንደርስ አያቴ «እለፊው» ይሉኛል፤ አልፈዋለሁ።

ከዚያ ዐርብ በኋላ አያቴ መንዙማ ይበሉ ተብለው ሲጠየቁ «ለሰሚራ ሰጥቻታለሁ» ይሉ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ሲረሱ ይህን አልረሱም። በዚያ ዐርብ ማግስት ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ጫማዬን አስራለሁ። ቀና ሳትል ጠራችኝ።

«ሰሚራ፣ እስኪ በይው።»

«ቅጠል የለኝም» አልኳት።

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«እንግዲያ ሂጂ አጠጪና ነይ» አለችኝ።